ስለ ዓይንና ስለ ጠባቂዎቹ

ምስጋና ሁሉ ለሰው ማያና መስሚያ ለሰጠው ለአላህ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን መስመር የምታነብበት ዓይንህ ከፊት እስከ ኋላው 24 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ለስላሳ ኳስ መሆኑን አስተውለህ ታውቃለህን? ክብደቱ ሰባት ግራም ተኩል ያህል ነው። በውስጡ የሞላው ውሃና እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ዕቃ በአቧራና በጢስ፥ በእሾህና በገለባ መካከል ስድሳና ሰባ ዓመት ሳይፈስስ የሚኖረው በምን ምክንያት ነው? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

ዕወቅ፤ ዓይን የተቀመጠው በገላጣ ስፍራ አይደለም። ሰባት አጥንቶች ተገጣጥመው በሠሩት ጕድጓድ ውስጥ ነው። ከላይ የግንባር አጥንት እንደ ቤት ክፈፍ ወጣ ብሎ ይጋርደዋል፤ ከታችና ከጐን የጉንጭ አጥንት ይመክትለታል። ስለዚህ ዱላ ወይም ድንጋይ ፊትን ሲመታ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው አጥንቱን ነው። ጕድጓዱም ባዶ አይደለም፤ ሸክላ የምታጓጕዝ ሴት በዕቃዋ ዙሪያ ገለባ እንደምትጐዘጕዝ ሁሉ፥ በዓይን ዙሪያ ስብ ተጐዝጕዟል። በስቡም መካከል ዓይንን ወደ ፈለገበት የሚያዞሩ ስድስት ጡንቻዎች አሉ። ቅንድብ ደግሞ ከግንባር የሚወርደውን ላብ ወደ ጐን ይመልሰዋል፤ በአጨዳ የዋለ ገበሬ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የኳሱ ውጫዊ ሽፋን ነጭና ጠንካራ ነው። በፊት ለፊቱ ግን ይኸው ሽፋን እንደ መስተዋት የጠራ ይሆናል። ይህን የጠራ ክፍል ዐረቦች ቀርኒያ ይሉታል፤ ቀርን ማለት ቀንድ ነውና፥ ተፍቆ የሳሳ ቀንድ ስለሚመስል ነው። ውፍረቱ በመካከሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ብርሃን ሳይጋረድ ባላለፈ ነበር። ታዲያ አየርን ከወዴት ያገኛል? ከውጭ ነው፤ በእንባ ውስጥ የሟሟውን አየር ይወስዳል። እንግዲህ እንባ ለቀርኒያ እንደ ደም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ከቀርኒያ በስተኋላ ብሌን አለ፤ በዙሪያው ያለው ባለ ቀለም ክፍል ፀሐይ ሲበረታ ያጠብበዋል፥ ሲመሽ ያሰፋዋል።

የቀድሞ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ስለ ዓይን ዐሥር ድርሰቶችን ጻፈ። በ354 ዓመተ ሒጅራ፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ965፥ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም ደግሞ ኪታቡል መናዚር በተባለው መጽሐፉ፥ ማየት የሚሆነው ጨረር ከዓይን ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን ገብቶ መሆኑን አስረዳ። ለዛሬ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ከእርሱ በፊት ግን ታላላቅ ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ተሳስተው ነበር። ዓይን መብራት ሳይሆን በር መሆኑ ከታወቀ፥ በር ዘበኛ ያስፈልገዋል።

ዘበኛው የዓይን ቆብ ነው። ቆዳው ከሰውነት ቆዳ ሁሉ እጅግ ስስ ነው፤ በውስጡ ግን እንደ ብራና የጠነከረ ሰሌዳ አለው። ሰው በደቂቃ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ አንዱ መርገብገብ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በምታነብበት ጊዜ ግን ቁጥሩ ያንሳል። ኪታብ ላይ አቀርቅሮ ያመሸ ደረሳ፥ ወይም ዛሬ በስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ፥ ዓይኑ የሚቆጠቁጠው ስለዚህ ነው። ቆቡ በተከደነ ቁጥር እንባን በቀርኒያ ላይ ያዳርሳል። እንባም ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚያጣብቀው ልዝብ ነገር፥ ከላዩም እንዳይተንን የሚጠብቀው ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመነጨው በቆቡ ጠርዝ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። በእንባ ውስጥ ተሕዋስያንን የሚያፈርስ ሊሶዛይም የተባለ ነገር መኖሩን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስታወቀ፤ ኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው ይኸው ሰው ነው። ሥራውን የጨረሰ እንባ በአፍንጫ በኩል ባለው ማዕዘን በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። የሚያለቅስ ሰው ንፍጡን የሚጠርገው በዚህ ምክንያት ነው።

በቆቡ ጠርዝ ላይ ሽፋሽፍት ተተክሏል፤ ጠጉሩም ወደ ውጭ የተቆለመመ ነው። ዝንብ ወይም ብናኝ ጫፉን ሲነካው ሰውየው ሳያስብበት ቆቡ ይዘጋል።

ወንድሜ ሆይ፥ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ይህ ጠጉር ወደ ውስጥ ቢዞርስ?

ትራኮማ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ከተባለች በዓይን ከማትታይ ተሕዋሲ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፥ በፎጣና በነጠላ ጫፍ፥ እንዲሁም በዓይናር ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ትተላለፋለች። አንድ ጊዜ ብትይዝ ጉዳቷ ጥቂት ነው። በልጅነት ደጋግማ ስትይዝ ግን የላይኛው ቆብ ውስጡ ይቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ይኮማተርና የቆቡን ጠርዝ ከነሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይጐትተዋል። ከዚያ ወዲያ በደቂቃ ዐሥራ አምስት ጊዜ ዓይንን ያረጥብ የነበረው ቆብ፥ በደቂቃ ዐሥራ አምስት ጊዜ በጠጉር ይፍቀዋል። ቀርኒያ ይቆስላል፥ ነጭ ይሆናል፥ ብርሃንም አያሳልፍም። በዓለም ላይ ከተሕዋስያን ከሚመጣው ዕውርነት የሚበዛው በዚህ በሽታ የሚመጣው ነው፤ ከአገሮችም ሁሉ ትልቁን ሸክም የተሸከመችው አገራችን ኢትዮጵያ ናት።

«እኛ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን፤ ይህ በሽታ እንዴት ያገኘናል?» ትል ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን ልጅ ሶላት የሚታዘዘው በሰባት ዓመቱ መሆኑን አስብ። ተሕዋሲዋ ከሁሉ ይልቅ የምትገኘው ደግሞ ከዚያ ዕድሜ በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ውዱእ የማይጠየቀው ሕፃን፥ አባትና እናት ካላጠቡት፥ ከነዓይናሩ ይውላል። ደግሞም ቤተ ሰቡ ሁሉ ታጥቦ በአንድ ጨርቅ ቢደርቅ፥ ውሃው ያነሣውን ጨርቁ ይመልሰዋል። ሌላም አለ፤ የፊቅህ ሊቃውንት ፊት ሲታጠብ በዓይን ማዕዘን ያለው ዓይናር እንዲወገድ ያስተምራሉ፤ ብዙዎቻችን ግን ውሃውን ፊታችን ላይ አፍስሰን እናልፋለን። ውሃ ከሩቅ ይቀዳል ብትል፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ለሕፃን ፊት ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ሕፃናትን የሚያቅፉትና የሚጠርጉት እናቶች ስለሆኑ፥ ሽፋሽፍታቸው ከሚገለበጥባቸው መካከል ሴቶች ይበዛሉ። ብዙዎቹም ወረንጦ በእጃቸው አይለይም። የተነቀለው ጠጉር ግን በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ ተሰብሮ የቀረውም አጭርና ሻካራ ሆኖ ይባስ ይወጋል። እውነተኛው ሕክምና ለተሕዋሲዋ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ለተገለበጠው ቆብ ደግሞ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ቆቡን በመርፌ አደንዝዞ ይሰነጥቀዋል፥ ጠርዙንም ወደ ውጭ መልሶ ይሰፋዋል፤ በሽተኛው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስለትም፥ የቀረውን ግን ያተርፍለታል። «የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ መቀመጥ ማስተዋል አይደለም፤ ዑማን በ2012፥ ሞሮኮም በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሽታው የሕዝባቸው ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል።

እኔ ቁርኣን የቀራሁባቸው ሼኽ ወረንጦአቸውን በጥምጥማቸው እጥፋት ይይዙ ነበር። በየሳምንቱ ከደረሶቹ ዓይኑ የሚፈጥነውን ይጠሩና ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያስነቅሉ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ለሼኼ የማገለግል መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ ወደ ቀዶ ሕክምና እስኪወስዳቸው ድረስ የቀኝ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በግራው እስኪሞቱ ድረስ ሙስሐፋቸውን አነበቡ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ትንንሾቹ ልጆች ለሐዎቻቸውን ከማንሣታቸው በፊት በበሩ ላይ ከጀበና በሚፈስስ ውሃ ፊታቸውን ሳያጥቡ አይገቡም ነበር።