ገብረ ማርያም ለሁለት እንዳይከፈል

ጥያቄ፦ በኤክሴል አንድ ሴል ውስጥ ያለን ሙሉ ስም በስም፣ በአባትና በአያት ዓምድ እንዴት ልክፈለው?

መልስ፦ ዳታ ታብ ላይ ያለው ቴክስት ቱ ኮለምንስ ሥራውን ቶሎ ይጨርስልዎታል። ነገር ግን ክፍት ቦታን መለያ ካደረጉ «አበበ ገብረ ማርያም ተሰማ» አራት ዓምድ ይይዛል፤ አያትየው «ማርያም» ሆነው ይመዘገባሉ። ስለዚህ አስቀድመው በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከ«ገብረ» ቀጥሎ ያለውን ክፍት ቦታ በታች ሰረዝ ይተኩ፤ «ወልደ»ንና «ኃይለ»ንም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «ተወልደ» በ«ወልደ» ስለሚያልቅ ከአባቱ ስም ጋር ይጣበቃል፤ እሱን መልሰው ይለያዩት። ከከፈሉ በኋላ ሰረዙን ወደ ክፍት ቦታ ይመልሱ። ፍላሽ ፊል ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ካሳዩት ምሳሌ ተነስቶ ይገምታል፤ የሰው ስም ደግሞ በግምት አይጻፍም። ዋናው ዓምድ እንዳይነካ ውጤቱን በስተቀኝ ባሉ ሦስት ባዶ ዓምዶች ያስፍሩ።