ስለ መልካም መሮ አመራረጥ

ገበታንና የእንጨት ሳህንን የሚቦረቡር ሰው ከእንጨቱ አስቀድሞ መሣሪያውን ሊመረምር ይገባዋል። ክፉ መሮ ዛፍን ያባክናል፤ የተማሪንም እጅ ያቆስላል። በመተማና በቋራ ቆላ ይህ ምርመራ ይልቁን ያስፈልጋል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ዞቢ የሚባለው እንጨት ግን ውኃ ላይ ቢጥሉት እስኪሰጥም ድረስ የከበደና የጠነከረ ስለ ሆነ ደካማውን ስለት ወዲያው ያጥፈዋል።

አንደኛ፤ የብረቱን አመጣጥ ጠይቁ። ከመኪና ባሌስትራ ወይም ካረጀ ሞረድ የተሠራው መልካም ነው፤ በእሳት ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራልና። ባሌስትራም የጭነት መኪና በሚሄድበት በጎንደርና በመተማ መንገድ ዳር አይታጣም። ከተራ ምስማር የተሠራው ግን ቢሳል እንኳ ስለቱን አይጠብቅም።

ሁለተኛ፤ በስለቱ ዳር ሞረድ አስኪዱበት። ሞረዱ እንደ ሰም ከበላው ለስላሳ ነው፤ ፈጽሞ ከተንሸራተተ ተሰባሪ ነው፤ በጭንቅ ጥቂት ቢይዝ ግን ልኩ ይህ ነው። ብረት ሠሪው ካጠነከረ በኋላ መልኩ የገለባ ቢጫ እስኪመስል ቀስ አድርጎ ዳግመኛ የሚያሞቀው ስለዚህ ነው። በአፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብታዩ ሲሳል ግሎ ጥንካሬው እንደ ላላ ዕወቁ።

ሦስተኛ፤ ጉብጠቱን ተመልከቱ። የመሮው ጉብጠት ከሳህኑ ሆድ ጉብጠት መብለጥ አለበት፤ ያለዚያ ሁለቱ ማዕዘኖቹ እንጨቱን ይቧጥጡታል። ውስጡም የለሰለሰ ይሁን።

አራተኛ፤ እጀታው ቀጥ ብሎ የገባ፥ በመዶሻ ሲመታም እንዳይሰነጠቅ አናቱ በቀለበት የታሰረ ይሁን።

ተማሪው ሲሠራ ሁለቱም እጆቹ ከስለቱ በስተኋላ ይሁኑ። ደነዝ መሮ ኃይል ይጠይቃል፤ በኃይል የተገፋም ይስታል።

መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ ይህን ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ብረት ሠሪው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም አልጠፋም። እንግዲህ ተማሪዎችን ወደ ብረት ሠሪው ደጅ ውሰዱ፤ ብረቱ ሲግል ቆመው ይዩ፤ ዕውቀቱንም በአክብሮት ይጠይቁ።

ጥያቄ።
1. ሞረድ በስለቱ ላይ ፈጽሞ ቢንሸራተት ምን ያስረዳል?
2. በመሮ አፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቢታይ ስለ ምን አይገዛም?
3. በመንደራችሁ መሮ የሚሠራው ማን ነው? ጥበቡንስ ከማን ተማረ?