ለስላሳው አሉሚኒየም እንዳያታልለን

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ለማድ ቤታችን መስኮት ሊሠራ አሮጌ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ከምናለሽ ተራ ገዝቶ መጣ። የሚሠራው ግቢያችን ውስጥ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ነው። «ነይ እስቲ፣ ጫፉን ያዥልኝ» አለኝና ያዝኩለት። ግራይንደሩን አስነሣ። ጥቂት እንደቆረጠ ድምፁ ተለወጠ፤ ዲስኩ ፕሮፋይሉ ውስጥ ተቀረቀረና ጧ ብሎ ተሰበረ። አንዱ ስባሪ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ከኋላዬ ያለውን ቆርቆሮ በሳው። ለጥቂት ጊዜ ከሁለታችንም ቃል አልወጣም።

ጥፋቱ የዲስኩ ብቻ አልነበረም። ሁለታችንም «አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ማንኛውም ነገር ይቆርጠዋል» ብለን ማሰባችን ነው። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ሰው ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «የኔ ልጅ፣ አደገኛ የሚያደርገውማ ልስላሴው ነው» አሉኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከእሳቸው የተማርኩትንና በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ለማካፈል እሞክራለሁ።

ልስላሴው ለምን አደጋ ይሆናል ብትሉ፣ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ብረት ግን ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለብረት በተሠራ ዲስክ ስንቆርጠው በፍትጊያው ሙቀት ይለሰልስና በዲስኩ ሸካራ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ዲስኩ ሲደፈን መቁረጡን ትቶ ማሸት ብቻ ይሆናል፤ ይግላል፣ ይቀረቀራል፣ ሊሰበርም ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል እንበል። የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 66 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስባሪው የሚነሣው በዚህ ፍጥነት ነው። መከለያውን ፈትቶ ትልቅ ዲስክ መግጠም ደሞ ፍጥነቱን የባሰ ይጨምረዋል።

ስለዚህ መሣሪያ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ይፈጥናል?» ሳይሆን «የምቆርጠው ምን ያህል ውፍረት አለው? ስንት ጊዜስ እቆርጣለሁ?» መሆን አለበት።

ስስ ላሜራ ከሆነ የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል። ለጥቂት ቁራጭ ፕሮፋይል ደግሞ ከሴጌቶ የሚሻል የለም። የሴጌቶ ምላጭ ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለው ተጽፎ ይገኛል። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ብረቱን ይንካ ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ባለ 18 ጥርስ፣ ለ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለ 24፣ ከዚያ ለሚሳሳ ባለ 32 ይመረጣል። በጣም ስስ ከሆነ ሴጌቶውን ዘንበል አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ብዙ ጥርስ እንዲነካ። የጥርሱ አቅጣጫ ወደ ፊት ይሁን። ምላጩን በሻማ ሲያሹት ብናኙ አይለጠፍበትም። ዕቃው በሞርሳ፣ በሁለት እንጨት መሀል ይታሰር እንጂ እንደኔ በሰው እጅ አይያዝ።

ብዙ ለሚቆርጥ ሰው የካርባይድ ጥርስ ያለው፣ ለአሉሚኒየም የተሠራ ክብ መጋዝ አለ። የእንጨት መጋዝ በምትኩ መግጠም ግን አይገባም፤ ጥርሱ ከመጠን በላይ ነክሶ ዕቃውን ሊወረውረው ይችላል።

ግራይንደር የግድ ከሆነ አራት ነገር እንመልከት። አንደኛ፣ ዲስኩ ለአሉሚኒየም መሆኑ ተጽፎበት ይሁን። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት አይነስ። ሦስተኛ፣ መሀሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የማብቂያ ጊዜው ታትሞ ከሆነ ይነበብ፤ ያለፈበት ወይም የተሰነጠቀ ይጣል። አራተኛ፣ መከለያው በፍጹም አይፈታ።

መከላከያ መነጽር በሴጌቶም ጊዜ አይቀርም። ፀጉር ይታሰር፣ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ይራቅ። በሚሽከረከር መጋዝ አጠገብ የጨርቅ ጓንት ከመጠበቅ ይልቅ እጅን ይዞ ይገባል። የተቆረጠው ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ስለሆነ በሞረድ ሳይስተካከል አይዳሰስ። የአሉሚኒየም ብናኝና የዛገ ብረት ብናኝ አንድ ላይ አይጠራቀም፤ ተቀላቅለው እሳት ካገኙ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጥራሉ። እንዲህ ዓይነት እሳት ላይ ውኃ መድፋት ያባብሰዋል፤ የሚሻለው ደረቅ አሸዋ ነው።

ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው ይህ ሁሉ ምን ይሠራለታል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ነገ «እንዴት ይሠራል» የሚል ዓምድ እናዘጋጅ ይሆናል። አንባቢ እኛን አምኖ መሣሪያ ያነሣል። «በግራይንደር ቁረጡት» ብሎ ማለፍና የትኛው ዲስክ እንደሆነ መንገር በሰው ዓይን የሚለካ ልዩነት አላቸው።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኔ ደግሞ ከመለካትም በፊት መሣሪያውን ምረጥ እላለሁ። መስኮቱን ወንድሜ በሴጌቶ ጨረሰው፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወሰደበት። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀዳዳ ግን እስካሁን አልደፈንነውም። ግራይንደሩን ለማንሣት በተጠጋ ቁጥር ቀና ብሎ ያየዋል።