ስለ አሮጌ የጨዋታ መኪናዎች ቅጂና ስለ ሕጉ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ በመርሳ ከተማ፣ አንድ ነጋዴ ከጆተኒውና ከከረንቡላው ጎን አዲስ መጫወቻ ሊያቆም አሰበ እንበል። ያገለገለ ኮምፒውተርና ሁለት ጆይስቲክ ይገዛል፤ የቆዩ ጨዋታዎችን በፍላሽ አስገልብጦ ይጭናል፤ በየዙሩም ሒሳብ ያስከፍላል። ዕቃው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚያጠራጥረው በፍላሹ ላይ ያለው ነገር ነው።

እነዚህ ጨዋታዎች መጀመሪያ የተሠሩት ሣንቲም እየተጣለባቸው ለሚሠሩ ትልልቅ መኪናዎች ነበር። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን በ1978፣ ናምኮ ደግሞ «ፓክ ማን»ን በ1980 እ.ኤ.አ. አወጡ። ፕሮግራማቸው በመኪናው ውስጥ ባሉት ቺፖች ላይ ተጽፏል። ከቺፑ ተነቦ ወደ ፋይል የተገለበጠው «ሮም» ይባላል፤ የአሮጌውን መኪና አሠራር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም ግን «ኢሙሌተር» ነው። ከነዚህም ስመ ጥር የሆነውን «ማሜ» የተባለውን ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. አወጣው።

ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው ያሳስታል። ኢሙሌተር ራሱን ችሎ በአዲስ የተጻፈ ሥራ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. በሶኒና በኮኔክቲክስ ክርክር፣ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለመሥራት ሲባል የተደረገውን የማጥኛ ቅጂ ፈቅዷል። ሮሙ ግን የኩባንያው ሥራ ራሱ ነው። የኢሙሌተሩ ሕጋዊነት ወደ ሮሙ አይተላለፍም።

«ለሃያ አራት ሰዓት መያዝ ይፈቀዳል» የሚለው ወሬ የሕግ መሠረት የለውም። «ከገበያ የወጣ የማንም ነው» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በአሜሪካ ለኩባንያ የተሠራ ሥራ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን የሚፈቅደው አንቀጽ 9 ለኮምፒውተር ፕሮግራም አይሠራም፤ ለፕሮግራም የተለየው አንቀጽ 14 ነው። እርሱም ቢሆን የሚፈቅደው ለሕጋዊው ቅጂ ባለቤት፣ ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም ወይም የጠፋና የተበላሸ ቅጂ ለመተካት ነው። ከጎረቤት ፍላሽ የገለበጠ ሰው የዚህ መብት ባለቤት አይደለም።

እዚህ ላይ አስተዋይ ነጋዴ፣ «ጨዋታው የጃፓን ነው፤ አዋጁ ይደርስበታልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንቀጽ 3 የሚጠብቀው በዋናው ሥራ አመንጪው ኢትዮጵያዊ የሆነውን ወይም ዋና መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነውን፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታተመውን ወይም በውጭ አገር ከታተመ በኋላ በሠላሳ ቀን ውስጥ በኢትዮጵያ የታተመውን ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቀውን ነው። ስለዚህ የውጭው ጨዋታ በመርሳ ያለው ጥበቃ በስምምነት ላይ ይቆማል።

ይሁን እንጂ በዚህ ተማምኖ ገንዘብ ማፍሰስ ደካማ ስሌት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የድርጅቱ የአእምሮ ንብረት ስምምነት ደግሞ ጃፓንና አሜሪካን የመሰሉ የሌሎች አባል አገሮችን ሥራ መጠበቅን ግዴታ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ግዴታ በሚጸናበት ጊዜ፣ ከሳሽ ያልነበረው ፍላሽ ባለመብት ይመጣበታል፤ ኮምፒውተሩና ጆይስቲኩ ግን ያለ ጨዋታ ይቀራሉ። ቅጂውን በኢንተርኔት ለውጭ ገዢ የሚሸጥ ነጋዴም በገዢው አገር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሮም ያከፋፍል የነበረ ሰው ለኒንቴንዶ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዷል። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራውን «ኩኩሉ»ን የመሰለ የአገር ልጅ ጨዋታ ያለ ፈቃድ ለሚገለብጥ ግን አንቀጽ 3 ምንም ክርክር አይተውለትም።

ሕጋዊ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም አለ። የማሜ አዘጋጆች እንደ «ግሪድሊ» ያሉ ጥቂት ጨዋታዎችን በባለቤቶቹ ፈቃድ በነጻ ያድላሉ፤ ፈቃዱ ግን ለንግድ ላልሆነ ጥቅም ስለሆነ ለቤት እንጂ ለጨዋታ ቤት አይሆንም። ኩባንያዎቹ አሮጌ ጨዋታዎቻቸውን ሰብስበው የሚሸጧቸው አዳዲስ ቅጂዎችም ብዙውን ጊዜ ለግል መጫወቻ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የፈቃዱን ጽሑፍ ያስነብብ፤ ለሕዝብ በክፍያ ማጫወት ካልተጠቀሰበትም ለባለመብቱ ጽፎ በጽሑፍ መልስ ይቀበል።