ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት የት ይሄዳል?

የተባይ መድኃኒት ስንል ነቀዝን፣ ተምችን፣ አንበጣን ወይም አረምን የሚገድል ነገር ማለታችን ነው። ስሙን መድኃኒት አልነው እንጂ ሥራው መግደል ነው። ለታመመ ሰው የሚሰጠውም መድኃኒት ይባላል፤ በማሳ ላይ የሚረጨውም መድኃኒት ይባላል። በዚህ የስም መመሳሰል ብዙ ሰው ተጎድቷል ብለን እናምናለን። ስለዚህ እዚህ ላይ አልፎ አልፎ መርዝ እያልን ብንጠራው አትቀየሙን።

ይህ መርዝ እንደ እህል ያረጃል። አብዛኛው የሚያገለግለው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ነው። ጊዜው ካለፈ ተባዩን መግደል ያቅተዋል። ሰውን መጉዳቱን ግን አይተውም። እንዲያውም አንዳንዱ ሲያረጅ ይብስበታል።

በአገራችን ብዙ ያረጀ መርዝ ተከማችቶ ነበር። እንዴት ተከማቸ? አንዱን ምክንያት እንንገራችሁ። የአንበጣ መንጋ ሲመጣ ጩኸት ይበዛል። መንግሥት መድኃኒት ይገዛል፤ የውጭ አገሮችም ይለግሳሉ። ታዲያ መርከቡ ወደብ እስኪደርስ፣ መኪናው ጭኖ አገር ቤት እስኪገባ፣ መንጋው ነፋሱን ተከትሎ ሄዷል። አንበጣው ሲሄድ መድኃኒቱ ቀረ። በመጋዘን ተቆለፈበት። በርሜሉ ዛገ፣ ተበሳ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጽሑፉ ተላጠ። ከዚያ ወዲያ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ማን ይወቅ?

ይህን ለማጽዳት መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ። መርዙ በየመጋዘኑ ተቆጠረ። ጭምብልና ጓንት ያደረጉ ሠራተኞች ወደ አዲስ በርሜል ገለበጡት። ከዚያም በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና ተቃጠለ። በመጀመሪያው ዙር የሄደው ከ1,500 ቶን በላይ ነው። አንድ ቶን 10 ኩንታል ስለሆነ፣ ከ15,000 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ጤፍ ስንት ጎተራ እንደሚሞላ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ይህን ስናስተምር አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ እሳት እዚህ የለም? ለምን ፊንላንድ ድረስ?» አሉን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እንዲህ ያለው መርዝ የሚጠፋው ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሚግል ልዩ ምድጃ ውስጥ ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት። በማገዶ እሳት ብናቃጥለው መርዙ አይጠፋም፤ ከጭሱ ጋር ሌላ የባሰ መርዝ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ምድጃ በአገራችን አልነበረም። «ታዲያ አይቀበርም?» አሉ። የተቀበረው ከዝናብ ጋር ሰርጎ የጉድጓድ ውኃና ምንጭ ውስጥ ይገባል።

ዲዲቲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የወባን ትንኝ ለመግደል ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። ስንቱን ሰው ከወባ እንዳተረፈ መካድ አይገባም። በአዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። ነገር ግን ዲዲቲ ቶሎ አይበሰብስም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በእንስሳና በሰው ጮማ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በወተት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ አካባቢ በእናቶችም በላሞችም ወተት ውስጥ አግኝቶታል። በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ላይም ተገኝቷል። ለወባ የተላከው ወደ ጫትና ወደ ጎተራ መሾለኩ ነገሩን አባብሶታል። በመጨረሻ ትንኟም ተላመደችው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ለቤት ርጭት በሌላ መድኃኒት ተተካ። እንደ ዲዲቲ ያሉትን ለመገደብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ተዋውለዋል፤ አገራችንም በ2003 ውሉን አጽድቃለች።

አገር ውስጥም ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ የተባይ መድኃኒት እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው። ገበያ ላይ ግን መርዙ በማንኪያ ተሰፍሮ በፌስታል ተቋጥሮ ሲሸጥ እናያለን። እንዲህ ያለውን አትግዙ። ስሙም ቀኑም የለበትምና።

አሁን ማንበብ ስለቻላችሁ ስለ ቀኑ እናስረዳ። ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥብናል። በዕቃው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይጻፋል፤ የቀደመው የተሠራበት፣ የኋለኛው የሚያበቃበት ነው። ቁጥሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ገበያ የወጣ ገበሬ በጠርሙሱ ላይ 2018 የሚል ቢያነብ፣ «የዘንድሮ ነው፤ ደህና ነው» ብሎ ይገዛል። እሱ አነበበ፣ አልተሳሳተም። ነገር ግን የፈረንጅ 2018 ዓመተ ምሕረት በእኛ 2010 ነው። መርዙ ካለፈበት ስምንት ዓመት ሆኖታል! ወደ እኛ ለመመለስ፣ ወሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ይቀነሳል። ወሩ ካልገባችሁ ስምንት ቀንሱ፤ ለጥንቃቄ ይበቃል። እስቲ በጣታችሁ አስሉ፦ 2027 ሲቀነስ 8 ስንት ነው?

ባዶውን ዕቃ ደግሞ ምን እናድርገው? ጀሪካኑ ያምራል፤ ለውኃ፣ ለወተት፣ ለጠላ ያስመኛል። ቢታጠብም መርዙ ከፕላስቲኩ አይለቅም። መድኃኒቱ እንዳለቀ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን ወደ መርጫው ጨምራችሁ እዚያው ማሳ ላይ ርጩት። ከዚያ ማንም እንዳይቀዳበት ቂጡን ብሱት። ቤት ውስጥ የከረመ መርዝ ካለ ወንዝ አትድፉት፤ ከልጆች አርቃችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ።

የረጨ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በሳሙና እጠቡት፤ ፈጥናችሁም ጤና ጣቢያ አድርሱት። ወተት እናጠጣው እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ። መርዙ የነበረበትን ዕቃ በፌስታል ጠቅልላችሁ አብራችሁ ውሰዱ፤ ሐኪሙ የትኛው መርዝ እንደሆነ የሚያውቀው ጽሑፉን አንብቦ ነው።