የገንዘብን አካሄድ በመስመር ሥሎ ስለ ማየት
ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት የጎጃም ደጋዎች የሚነግድ ሰው ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ አይገባለትም። ጤፉና ስንዴው ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ገበያ ሲወጣ፥ ይኸውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ ገበሬው ልብሱንም፣ ጨውና ዘይቱንም፣ ቆርቆሮና ሚስማሩንም የሚገዛው ያን ጊዜ ስለ ሆነ የባለ ሱቁ የገንዘብ ሣጥን ይሞላል። ክረምት ሲገባ ግን ገበሬው ያለውን ገንዘብ በማዳበሪያና በዘር ላይ ስለሚያውለው፥ ጎተራውም ስለሚጎድል፥ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ባለ ሱቁም ዕቃውን በዱቤ ለመስጠት ይገደዳል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ በአገራችን የለም። ዳሩ ግን የሚያውቀው በጠቅላላው ነው እንጂ፥ የሐምሌው ጉድለት ስንት ብር እንደ ሆነ፥ በየትኛውም ወር ገንዘብ እንደ ተሞላ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

መዝገብ መያዝ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም ይህን ግዴታ አላስቀረም። ነገር ግን መዝገብ ማን ስንት እንደ ተበደረ፥ በየቀኑም ምን እንደ ተሸጠ ለማስታወስ ይረዳል እንጂ፥ የዓመቱን አካሄድ በአንድ ጊዜ አያሳይም። ቍጥር በቍጥር ላይ ሲደረደር ዐይን ይደክማል፤ የደከመ ዐይንም ድምሩን ብቻ አይቶ ያልፋል።

ለዚህ ችግር መድኀኒት ያገኘው ዊልያም ፕሌፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ በእንፋሎት ሞተሩ ስሙ የታወቀው የጄምስ ዋት ንድፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን ንግድ በሁለት መስመር ሣለው፤ አንደኛው መስመር ወደ አገር የገባውን፥ ሁለተኛው ከአገር የወጣውን ዕቃ ዋጋ የሚያሳይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ በቀለም ስለ ሞላው፥ አገሪቱ ያተረፈችበትና የጎደለባት ዘመን በአንድ እይታ ይለያል። ይህ ዘዴ ለመንግሥት ንግድ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሱቅና ለአንድ ቤትም በልኩ ይሆናል።

አሠራሩ ይህ ነው። ትንንሽ ካሬ የተሠመረበት የተማሪ ደብተርና ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ይበቃል። ከገጹ በታች ከግራ ወደ ቀኝ ከመስከረም ጀምሮ 12ቱ ወራት ይጻፋሉ፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለ ሆነች ከነሐሴ ጋር ትደመር። በግራ በኩል ከታች ወደ ላይ ብሩ ይጻፋል፤ አንድ ካሬ 1,000 ብር ይሁን። ገጹ ቢያጥር ሌላ ወረቀት ከላይ ይለጠፍበታል። በየወሩ መጨረሻ የዕቃው መግዣ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ትርፍ በሰማያዊ ነጥብ፥ ከሱቁ ወጥቶ ለቤት የዋለው በቀይ ነጥብ ይመለከታል። ከዚያም ነጥቦቹ በመስመር ይያያዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ወደ ቤት የሄደው ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ገንዘብ ነው፤ በተገዛበት ዋጋ ከቀዩ ጋር ካልተደመረ ሥዕሉ ሐሰት ይናገራል። በዱቤ የተሸጠው ደግሞ በሰማያዊ የሚገባው ገንዘቡ በእጅ በገባበት ወር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ ሱቅ እናስብ። ትርፉ ከመስከረም ጀምሮ በሺህ ብር ሲቈጠር 20፣ 14፣ 18፣ 26፣ 34፣ 30፣ 20፣ 22፣ 16፣ 11፣ 8 እና 9 ነው እንበል፤ ድምሩ 228,000 ብር ይሆናል። የቤቱ ወጪ ደግሞ በዚያው ተራ 26፣ 15፣ 15፣ 17፣ 45፣ 18፣ 15፣ 24፣ 16፣ 16፣ 16 እና 17 ሲሆን ድምሩ 240,000 ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ 12,000 ብር ከዋናው ገንዘብ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ያህሉን ተራ መደመር ይነግረናል። ሰውየው ምክንያቱን ቢጠየቅ ግን ያለ ጥርጥር የጥርን ሠርግ ይከሳል። ጥምቀት ያለፈበት፥ ልጁንም የዳረበት ወር ነውና፥ ቀዩ መስመር እንደ ተራራ ሹል ሆኖ በዚያ ቦታ ይታያል።

አሁን ካሬዎቹ ይቈጠሩ። በጥር ቀዩ ከሰማያዊው የሚበልጠው በ11 ካሬ ነው። በሰኔ በ5፣ በሐምሌ በ8፣ በነሐሴ በ8 ይበልጣል፤ ይህም በአንድነት 21 ካሬ ነው። በክረምቱ ቀዩ መስመር ምንም ሹል የለውም፤ እንደ ሜዳ የተዘረጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ግን ወርዷል። በእነዚያ ወራት ቤቱ ምንም ልዩ ወጪ አላወጣም፤ እንደ ግንቦቱ ነው የኖረው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ሠርጉ ትርፉ በፈቀደው ልክ ብቻ ተደግሶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሰውየው 1,000 ብር ይጎድለው ነበር። ለዚህ ነው ሥዕሉን ያየ ሰው በሹሉ እንዳይታለል፥ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ስፋት እንዲቈጥር አጥብቀን የምንመክረው።

በተቃራኒው ሰማያዊው ከቀዩ የበለጠባቸው ወራት አራት ብቻ ናቸው፤ ኅዳር በ3፣ ታኅሣሥ በ9፣ የካቲት በ12፣ መጋቢት በ5። በየካቲትና በመጋቢት የተረፈው 17,000 ብር ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ተብሎ በባንክ ቢቀመጥ፥ የክረምቱን ጉድለት ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። አለዚያ ያ ገንዘብ በሣጥን ውስጥ ሳለ ትርፍ ይመስላል፤ ባለ ሱቁም ሰኔ ሲደርስ ለጅምላ አከፋፋዩ የሚከፍለው አጥቶ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። አነስተኛው ነጋዴ ግብሩን የሚከፍለውም በዚያው በሐምሌ እንደ ሆነ አይረሳ።

ዕቁብ የሚጥል ሰው መዋጮውን ከቀዩ ጋር አይደምር፤ ገንዘቡ ተቀመጠ እንጂ አልጠፋምና በእርሳስ ለብቻው ያስምረው። ዕጣው በጥር የደረሰው ሰው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ በክረምት ከሚደርሰው ጋር ተራውን ቢለዋወጥ የሚጎዳ አይመስለንም።

በክብ ውስጥ ቍራጭ ቍራጭ ተደርጎ የሚሣለው መግለጫም የዚያው የፕሌፌር ሥራ ነው፤ በ1801 ያወጣው ነው። ከወጪው ምን ያህሉ ለቀለብ፣ ምን ያህሉ ለልጆች ትምህርት እንደ ዋለ ባለ ሱቁና ባለቤቱ ተቀምጠው እንዲመክሩበት ይጠቅማል። ነገር ግን የክረምቱንና የበጋውን ልዩነት ስለማያሳይ በእኛ አገር ለነጋዴ የመስመሩ ሥዕል ይበልጣል እንላለን።

አንድ ዓመት ሥሎ በሁለተኛው ዓመት የሚቀጥል ሰው ሰማያዊው መስመር ከፍ ብሎ ቢያገኘው ፈጥኖ ደስ አይበለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በዚህ ጊዜ ብሩ ሲበዛ ዕቃው ሊያንስ ይችላል። አንድ ኩንታል ስኳር 6,000 ብር በነበረበት ጊዜ 240,000 ብር ያለው ሰው 40 ኩንታል መግዛት ይችል ነበር እንበል፤ ዋጋው 10,000 ብር ከሆነ በኋላ 300,000 ብር ቢኖረው የሚገዛው 30 ኩንታል ብቻ ነው። በብር የተሣለው መስመር ወጣ፤ በኩንታል የተሣለው ወረደ። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነጋዴው አዘውትሮ በሚሸጠው ዕቃ ተለክቶ ለብቻው ይሣል። ሰሊጥ ወይም ቡና ወደ ውጭ የሚልክም በዶላር ለክቶ ሌላ መስመር ቢያክል መልካም ነው።

የአየሩና የበዓሉ ያልሆነ ምክንያትም በሥዕሉ ላይ ይጻፍ። ዕቃችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋበት ሰሞን የወረደውን መስመር፥ ከተለመደው የክረምት መውረድ ለይቶ ምልክት ያላደረገ ሰው ለሚመጣው ዓመት የሚያወጣው ግምት ይሳሳታል። በዚያው ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ሒሳቡን በስልክ ብቻ ይይዝ የነበረ ሁሉ ምን ያህል እንደ ተቸገረ ይታወሳል። ወረቀት መረብ አይጠይቅም። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው በቴሌብር የገባው ገንዘብም ከሣጥን ውጭ ስለሚቀመጥ በየማታው ወደ መዝገቡ መዛወር አለበት፤ አለዚያ ሰማያዊው ነጥብ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

የአምና መዝገብ የሌለው ሰው መስከረምን አይጠብቅ፤ ከያዘው ወር ይጀምር፤ ያለፉትንም ወራት ባዶ ይተዋቸው።