መሳቢያው በየትኛው ወር ተሠራ?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የምንሸመድዳቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፉ ስንባል ግን ሁላችንም «እንዴት» ላይ ተንጠልጥለን እንቀራለን። «መቼ» ለዜና ብቻ የተሰጠ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ አመለካከት ያወጣኝ መምህር ሳይሆን አንድ ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጠረጴዛውን አሠራር ከነጥፋቱ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጠረጴዛው የተሠራው ለእናቴ ነው። ሽሮ፣ በርበሬና የመሳሰለውን የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ገንዘቧን በቆርቆሮ ጣሳ ማስቀመጥ ሰልችቷት መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ፈለገች። ያስተማሩኝ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጎረቤታችን አናጢ ናቸው። ወርክሾፕ ብዬ የምጠራው የጓሯችንን ጥግ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር። መሣሪያውም ብዙ አይደለም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ስኳድራ ካለ ይበቃል። ስኳድራው ግን የግድ ነው፤ ማዕዘን በዓይን አይገመትም።

የመጀመሪያው ራስ ምታት እንጨት ነው። ለዕቃ ዋንዛን የሚያህል የለም ይባላል፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር እንዳይቆረጥ ጥበቃ ከተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራቱንም በስም ጠቅሷቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አዋጁ በሌሎች ተተክቷል። እኛ ለእግሮቹና ለገበታው የተጠቀምነው የአያቴን አሮጌ የዋንዛ አልጋ አፍርሰን ነው። ለመሳቢያው ግን የባሕር ዛፍ ጣውላ ገዛን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ሲደርቅ ግን ክፉኛ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሻጩ «ደርቋል» ብሎ ምሎልን ነበር። ጋሼ በመሐላው አልረኩም። ከጣውላው ቁራጭ ቆርጠው በእናቴ የሱቅ ሚዛን በየቅዳሜው እንድመዝነው አዘዙኝ። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ውኃው ገና እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ለተከታታይ ሳምንታት ካልተለወጠ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል። የኛው አምስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ መሐል እናቴ «ጠረጴዛ ነው ወይስ ጠጅ የምትጠምቁት?» ማለቷ አልቀረም።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። ገበታው 100 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 75 ነው። እግሮቹ 6 በ6 ናቸው። ዙሪያውን ከገበታው ሥር እግሮቹን የሚያስሩት ጣውላዎች ወርዳቸው 14 ነው። የአራቱ እግሮች የውጭ ለውጭ ልክ 92 በ52 ስለሆነ በረጅሙ በኩል በሁለቱ እግሮች መካከል 80፣ በአጭሩ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሞኘው። በእግሩ ላይ በመሮ ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ የጣውላው ጫፍ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ ምላስ ይወጣለታል። ምላሱ በየጫፉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጣውላው የሚቆረጠው 80 ላይ ሳይሆን 85 ላይ ነው፤ አጭሩም 45 ላይ። እኔ አንዱን 80 ላይ ቆረጥኩት። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ ቁራጩን አንስተው ለመሳቢያው ጎን አስቀመጡት።

ሁሉም በኮላ ከተጋጠመ በኋላ ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ፣ ገመዱን በዱላ እየጠመዘዙ ማጥበቅ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሜትር ይለካል። በኛ ልክ ሁለቱም 105.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ጠረጴዛው ተጣሟል፤ ረጅሙን በኩል ጫን ብሎ ማስተካከል የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።

እናቴ መሳቢያው ከዳር እስከ ዳር እንዲሆን ፈልጋ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። ወርዱ ወደ ውስጥ ካለው ርዝመት ሲበልጥ፣ በአንድ ጎን ሲሳብ ሌላው ጎን ወደኋላ ይቀርና ይቀረቀራል። ስለዚህ ወርዱን 40፣ ወደ ውስጥ 45 አድርገን መሐል ላይ አስቀመጥነው። የመግቢያው ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የመሳቢያው ሥር ኮምፔልሳቶ ነው፤ በጎኖቹ ውስጥ በተቦረቦረ መስመር ተንሸራቶ ይገባል እንጂ በምስማር አይመታም።

ጋሼ ለሠርግ አገር ቤት በሄዱበት ሳምንት መሳቢያውን ብቻዬን ገጠምኩት። ወሩ ጥር ነው። ከላይ በኩል ወረቀት ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት ትቼ ልክክ አደረግኩት። ሲገባ እንደ ክብሪት ሳጥን ነበር! ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አሳየሁ።

ሐምሌ መጣ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ የዕቁብ ቀን፣ መሳቢያው አልከፈት አለ። የእናቴ የዕቁብ ገንዘብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። (በነገራችን ላይ ጠረጴዛ የሚለው ቃላችን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ግሪኮች ዛሬም ባንክን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። የጥንት ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ስለነበር ነው። የኛው ባንክ ግን ያን ቀን ተዘግቶ ነበር።) ሳብኩት፣ ረገጥኩት፣ በመጨረሻ ካቻቢቴ አስገብቼ ፈለቀቅኩት። መሳቢያው አልተከፈተም፤ ፊቱ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እናቴ በሕይወቷ ዕቁብ አዘግይታ አታውቅም። አልተቆጣችኝም፤ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ዝም ብላ ቆመች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ተጠርተው መጡ። እጃቸውን ከሥር አስገብተው የመሳቢያውን ጀርባ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት፤ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን በየትኛው ወር ነው የገጠምሽው?»

«ጥር ላይ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለሐምሌ ምን ቦታ ተውሽለት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም የአየሩን እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳል። በጅማቱ ርዝመት ልኩ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። የመሳቢያው ጎን ጅማቱ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ የሚያብጠው ወደ ላይ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የባሕር ዛፍ ጣውላ አንድ ሚሊ ሜትር ቢጨምር አይገርምም፤ እኔ ደግሞ የተውኩት የወረቀት ያህል ነው። በደረቅ ወር የሚሠራ ሰው ከላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መተው አለበት። በክረምት የሚሠራ ጠበቅ ቢያደርግ ችግር የለውም፤ በጋ ሲመጣ ራሱ ይላላለታል። ቫርኒሽም ቢሆን እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለገበታውም ሕጉ ያው ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ከ10ሩ የበለጠ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው ግን ዙሪያውን በምስማር ይቸነክረውና በጋ ላይ መሐሉ ሲሰነጠቅ እንጨቱን ይረግማል። እኛ ከሥር በብሎን አሰርነው፤ በጋሼ ትእዛዝ የብሎኑ ቀዳዳዎች ወደ ወርዱ በኩል ሞላላ ሆነው ተበስተዋል፣ ገበታው እንዲፈናፈን። ምክንያቱን ያኔ ሳልጠይቅ አልፌዋለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ስል ስለ እንጨት ሥራ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ልኩ፣ የኮላው ዓይነት፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ሁሉም አለ። ካነበብኳቸው አብዛኞቹ ግን ሥራው በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት አየር እንደተሠራ አይናገሩም። ደጋ የሚኖር አንባቢ የቆላ ሰው የጻፈውን ልክ ወስዶ ቢሠራ መሳቢያው ክረምት ላይ እንደኔው ሊከዳው ይችላል።

ያን እሑድ ጋሼ የጎኖቹን የላይኛውን ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ላጉ። «ሐምሌ ላይ እስኪላላ ከላግሽው ጥር ላይ ይንኳኳል» አሉኝ። የሚንሸራተትበትን ቦታ ደግሞ በሻማ አሸሁት። እናቴ ዕቁቧን ሰዓት አሳልፋ ሰጠች። የተሰነጠቀውን ፊት ልቀይርላት ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኳት፤ «ተዪው» አለችኝ። ስንጥቁ ክረምት ሲሆን ይገጥማል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ሳንቲም ያስገባል።